ካርቲሌጁ ባይመለስም ጡንቻው ይመለሳል፦ ስለ ጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስና ስለ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



በአማርኛችን «ጉልበት» የሚለው ቃል ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያገናኘው መገጣጠሚያ ነው። ሁለተኛው ኃይል፣ አቅም፣ ብርታት ነው፤ «የጉልበት ሥራ» ስንልም «ጉልበታም ሰው» ስንልም ይህንኑ ማለታችን ነው። አንዲት እናት «ጉልበቴ ከዳኝ» ሲሉ ከሁለቱ የትኛውን እንዳሉ ለይቶ መናገር ያስቸግራል፤ ብዙውን ጊዜም ሁለቱንም ማለታቸው ነው።

ሕክምና ቤት ሲደርሱ ግን ሁለቱ ይለያያሉ። የመገጣጠሚያው ራጅ ይነሣል፤ የኃይሉን መጠን የሚለካ ግን እምብዛም አይገኝም። ራጁ ወደ ብርሃን ተይዞ «አጥንቱ ተበልቷል፤ ዕድሜ ነው» ይባላል። ማስታገሻ ይታዘዛል። ከዚያም «እማማ፣ ከእንግዲህ ይረፉ፤ ደረጃ አይውጡ» የሚል ምክር ይከተላል። ምክሩ ከአዘኔታ የሚመነጭ ነው፤ ነገር ግን ታካሚዋን የሚጠቅም አይደለም።

የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በዚህ ሕመም ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ፣ ካርቲሌጁ፣ ዛሬ በእጃችን ባለ መድኃኒት ወደ ነበረበት አይመለስም። ሌላው፣ ጡንቻው፣ በማንኛውም ዕድሜ ሊመለስ ይችላል። እኛ ግን በማይመለሰው ላይ ዓይናችንን ተክለን የሚመለሰውን እንዘነጋለን። «ይረፉ» የሚለው ምክር ደግሞ ከመዘንጋትም አልፎ የቀረውን ያሳጣል።

«አጥንት ተበላ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሕዝባችን ዘንድ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ቁርጥማት»፣ «ሪህ» ወይም «ብርድ» በሚል ጥቅል ስም ይጠራል። የጤና ባለሙያ ግን መለየት ይኖርበታል። ሪህ ዩሪክ አሲድ በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ጨው ቅንጣት ሲጠራቀም የሚመጣ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት የመከላከያ ሥርዓት በገዛ አካሉ ላይ ሲነሣ የሚከሠት ነው። ኦስቲዮአርትራይተስ ከሁለቱም ይለያል፤ የመላው መገጣጠሚያ ሕመም ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ካርቲሌጅ ይሳሳል፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ይጠጥራል፤ በዳርና ዳር ትርፍ አጥንት ይበቅላል፤ መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ይቆጣል፤ በዙሪያው ያሉት ጡንቻዎች ይመነምናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 528 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከኦስቲዮአርትራይተስ ጋር ይኖሩ ነበር። በብዛት የሚጠቃው መገጣጠሚያ ጉልበት ሲሆን የ365 ሚሊዮኑ ሰዎች ሕመም በዚሁ ላይ ነው። ከታማሚዎቹ 60 በመቶ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

ብዙ ሰው ካርቲሌጅን እንደ መኪና ጎማ ያስበዋል፤ በተነዳ ቁጥር ያልቃል፣ ስለዚህ ባይነዳ ይሻላል ይላል። ንጽጽሩ የሚስተው አንድ መሠረታዊ ነገር አለ፤ ጎማ ሕይወት የለውም፣ ካርቲሌጅ ግን ሕይወት ያለው ሕብረ ሕዋስ ነው። የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን በአብዛኛው የሚያገኘው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ይጨመቃል፤ ክብደቱ ሲነሣለት ውኃ እንደሚመጥ ስፖንጅ ፈሳሹን መልሶ ይስባል። መጫንና መነሣት፣ መራመድና መቆም፣ ለካርቲሌጅ የምግብ መንገድ ናቸው። እንቅስቃሴ የተነፈገ መገጣጠሚያ ይህ መንገድ ይጠብበታል።

ካርቲሌጅ የሕመም ነርቭም የለውም። ሕመሙ የሚመጣው ከሥሩ ካለው አጥንት፣ ከተቆጣው ስስ ሽፋንና በዙሪያው ካሉት ጅማቶች ነው። የራጁ መልክና የሕመሙ ብርታት ብዙ ጊዜ የማይገጣጠሙት ከዚህም የተነሣ ነው። ራጃቸው እጅግ የተበላሸ ሆኖ ያለ ችግር የሚራመዱ ሰዎች አሉ፤ ራጃቸው መጠነኛ ለውጥ ብቻ እያሳየ ሌሊቱን በሕመም የሚያሳልፉም አሉ። ስለዚህ ራጅ ብቻውን የታካሚውን ነገ ሊተነብይ አይችልም።

ስኮትላንዳዊው የሥነ አካል ሊቅ ዊሊያም ሃንተር የተጎዳ ካርቲሌጅ እንደማይጠገን የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1743 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተመርምሯል፤ በኦስቲዮአርትራይተስ የተጎዳን ጉልበት ካርቲሌጅ ወደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት ግን እስካሁን በእጃችን የለም። ይህን ለታካሚው በግልጽ መንገር ይገባል። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ ቀጥሎ የሚነገረው ስለ ጡንቻው ነው።

የጡንቻው ድርሻ

በጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቅ ጡንቻ፣ ኳድሪሴፕስ፣ በአራት ክፍሎች የተዋቀረ ነው። አራቱ ተሰብስበው በአንድ ጅማት የጉልበት ሎሚ የምንላትን ትንሽ አጥንት ይይዛሉ፤ ከእርሷ በታችም በቅልጥም አጥንት ላይ ይተከላሉ። የጉልበት ሎሚ ጅማቱን ከመገጣጠሚያው ገፋ አድርጋ ስለምትይዘው ጡንቻው በአነስተኛ ጉልበት የበለጠ ሥራ እንዲሠራ ታግዘዋለች። ይህ ጡንቻ እግርን መዘርጋት ብቻ አይደለም ሥራው። ስንቀመጥና ቁልቁለት ስንወርድ እየተሳበ የሰውነታችንን ክብደት ቀስ አድርጎ የሚያወርደው፣ እግራችን መሬት ሲነካም ድንጋጤውን የሚቀበለው እርሱ ነው። ሲደክም ያ ድንጋጤ ወደ አጥንቱ ይሻገራል።

ክብደቱ ምን ያህል እንደሆነ በሥዕል ብቻ መገመት አያስፈልግም። በበርሊን የሚገኙ ተመራማሪዎች የኃይል መለኪያ የተገጠመላቸው ሰው ሠራሽ ጉልበቶችን በአምስት ታካሚዎች ላይ ተጠቅመው በመገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈውን ኃይል በቀጥታ ለክተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ውጤት መሠረት በሜዳ ላይ ስንራመድ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ከፍተኛ ኃይል በአማካይ ከሰውነት ክብደት 261 በመቶ፣ ደረጃ ስንወጣ 316 በመቶ፣ ደረጃ ስንወርድ ደግሞ 346 በመቶ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ደረጃ ሲወርድ በአንዱ ጉልበቱ ላይ ከ200 ኪሎ በላይ የሆነ ኃይል ያርፋል ማለት ነው። ታካሚዎች «መውጣቱስ ይሁን፣ መውረዱ ነው የሚገድለኝ» ሲሉ መለኪያው ይመሰክርላቸዋል።

ኦስቲዮአርትራይተስ ይህን ጡንቻ በሁለት መንገድ ያደክመዋል። አንዱ ግልጽ ነው፤ የሚያምመውን እግር እናሳርፈዋለን፣ ያረፈ ጡንቻም ይመነምናል። ሁለተኛው ስውር ነው። የተቆጣ ወይም ያበጠ መገጣጠሚያ በነርቭ በኩል መልእክት ልኮ ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ እንዳይሠራ ያግደዋል። ሰውየው ቢፈልግም ጡንቻው አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው በጤነኛ ሰው ጉልበት ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ ብቻ ሲገባ የጡንቻው የውስጠኛ ክፍል መታገድ ይጀምራል። ይህ ከአንድ የቡና ስኒ ያነሰ ፈሳሽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ያጠኑ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አመለከቱ። በራጅ የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ የታየባቸው ነገር ግን ምንም ሕመም የማይሰማቸው ሰዎች እንኳ የኳድሪሴፕስ ድካም ተገኘባቸው። እንግዲህ ድካሙ የሕመሙ ውጤት ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ቀድሞ የሚመጣበት ጊዜም አለ። በዚህ አዙሪት ውስጥ ሕመም ድካምን፣ ድካም ተጨማሪ ጫናን፣ ጫናው ደግሞ ሌላ ሕመምን ይወልዳል። «ይረፉ» የሚለው ምክር አዙሪቱን ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም።

«ያረጀ ጡንቻ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱ ከ30 ዓመታት በፊት ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 በቦስተን በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 ሰዎች ለስምንት ሳምንታት የእግር ማጠንከሪያ ልምምድ አደረጉ። የጡንቻቸው ኃይል በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1994 በ100 አረጋውያን ላይ የተደረገው ሰፊ ጥናትም ውጤቱን አረጋገጠ። በ90 ዓመት የሚመለስ ጡንቻ በ60 ዓመት አይመለስም የምንልበት ምክንያት የለንም።

ማስረጃው ምን ያህል ነው?

ጥቅሙን ማጋነን ተገቢ ስላልሆነ በቁጥር እንመልከተው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 439 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ታማሚዎችን ለ18 ወራት ተከታተለ። አንዱ ቡድን በእግር መንገድ፣ ሁለተኛው የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስተኛው የጤና ትምህርት ብቻ ተሰጠው። ሁለቱም የእንቅስቃሴ ቡድኖች ከትምህርቱ ቡድን ይልቅ በሕመምም በዕለታዊ ሥራም የተሻሉ ሆኑ።

የኮክሬን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ክለሳ 54 ጥናቶችን መርምሮ እንቅስቃሴ ከ100 ነጥብ በሚለካ ሚዛን ሕመምን በ12 ነጥብ፣ የአካል ተግባርን በ10 ነጥብ ገደማ እንደሚያሻሽል ገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2024 የታደሰው ክለሳ ደግሞ 139 ጥናቶችንና ከ12,000 በላይ ተሳታፊዎችን አካትቶ፣ ንጽጽሩ ከምን ጋር እንደሆነ እየተለያየ፣ የሕመሙ መሻሻል ከ9 እስከ 13 ነጥብ ገደማ መሆኑን አሳየ። ይህ ተአምር አይደለም። በብዙ ሰው ላይ መካከለኛ ወይም አነስተኛ፣ ነገር ግን በተደጋጋሚ የታየ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ጥቂት፣ ወጪው አነስተኛ መሆኑ ደግሞ ሚዛኑን ይለውጠዋል። ለዓመታት ያለ ክትትል የሚወሰዱ እንደ ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች ጨጓራን፣ ኩላሊትንና የደም ግፊትን እንደሚጎዱ እናውቃለን። ማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ግን ከጉልበቱ አልፎ ለልብም ለስኳር ሕመምም ይጠቅማል።

«ከባዱ ይበልጥ ይጠቅማል» የሚለውን ግምት የሚያርም ማስረጃም አለን። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት 377 ሰዎችን ለ18 ወራት ተከታትሎ በከፍተኛ ክብደት የተለማመዱት በአነስተኛ ክብደት ከተለማመዱትም ሆነ እንቅስቃሴ ካልተሰጠው ቡድን ይልቅ የጉልበት ሕመማቸው እንዳልቀነሰ አገኘ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። ታካሚውን በከባድ ብረት ማስጨነቅ አያስፈልግም። እንዲሁም ሕመምን የሚያቀልለው የጡንቻው ኃይል ብቻ አይደለም፤ መንቀሳቀስ ራሱ፣ ፍርሃት መቀነሱና የባለሙያው ክትትልም ድርሻ አላቸው።

የሰውነት ክብደትም አብሮ መታየት አለበት። ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው ታማሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከሰውነት የሚቀነስ እያንዳንዱ ኪሎ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበት ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና እንደሚያነሣ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በ454 ሰዎች ላይ የታተመ ጥናትም አመጋገብንና እንቅስቃሴን አጣምረው የያዙት አንዱን ብቻ ከያዙት ይልቅ ሕመማቸው እንደቀለላቸው አሳይቷል።

እንቅስቃሴዎቹ

የሚከተሉት ስድስት እንቅስቃሴዎች ልዩ መሣሪያ አይጠይቁም። ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

አንደኛ፦ ጭንን ማጥበቅ። ታካሚው አልጋ ወይም ምንጣፍ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ከጉልበታቸው ሥር የተጠቀለለ ፎጣ ይደረጋል። ፎጣውን ወደ ታች እንደሚጫኑ ሆነው የጭናቸውን ጡንቻ ለ5 ሰከንድ ያጠብቃሉ፤ ከዚያ ይለቅቃሉ። መገጣጠሚያው ስለማይታጠፍ ሕመሙ በበረታበት ወቅት እንኳ ሊሠራ ይችላል። የታገደውን ጡንቻ ዳግም ለማንቃት የመጀመሪያው እርምጃ ይህ ነው።

ሁለተኛ፦ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሣት። በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ማጠፍ፣ ሌላውን እግር ቀጥ እንዳለ ከመሬት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ማንሣት፣ ጥቂት አቆይቶ ቀስ ብሎ ማውረድ።

ሦስተኛ፦ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበትን መዘርጋት። ሲቀልል በቁርጭምጭሚት ላይ ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ አሸዋ የያዘ ትንሽ ከረጢት ይታሰራል። የሚለካ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ታካሚው ከግማሽ ኪሎ ወደ አንድ ኪሎ መሸጋገራቸውን በዓይናቸው ያያሉ።

አራተኛ፦ የዳሌ ጡንቻ። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሣት፤ እንዲሁም በጀርባ ተኝቶ ሁለቱንም ጉልበት አጥፎ መቀመጫን ከመሬት ማንሣት። ጉልበት ከላይ በዳሌ፣ ከታች በቁርጭምጭሚት መካከል የሚኖር በመሆኑ የዳሌ ድካም በጉልበት ላይ ይታያል።

አምስተኛ፦ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ። ከስድስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ልምምዱና ኑሮው አንድ ናቸው። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ እግርን በዳሌ ስፋት ከፍቶ፣ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ መነሣት፤ ከዚያ ሳይወድቁ ቀስ ብሎ መቀመጥ። ሲጀመር ከፍ ያለ ወንበር ወይም በትራስ የተደለደለ መቀመጫ ይመረጣል። ሲጠነክሩ ወደ ተራ ወንበር፣ ከዚያ ወደ መደብ፣ በመጨረሻም ወደ በርጩማ ይወረዳል። በቤታችን ያሉት መቀመጫዎች በከፍታቸው የልምምዱ መሰላል ይሆናሉ።

ስድስተኛ፦ ደረጃ መውጣትና በጣት መቆም። ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ባላት እርከን ላይ አንድ እግር አስቀምጦ መውጣት፣ ቀስ ብሎም መውረድ፤ ግድግዳ ወይም መደገፊያ ይዞ ተረከዝን አንሥቶ የባትን ጡንቻ ማሠራት።

መጠኑና ሕመሙ

ለታካሚ «እንቅስቃሴ ያድርጉ» ብሎ ማሰናበት «መድኃኒት ይውሰዱ» ብሎ እንደ ማሰናበት ነው። የትኛውን፣ ስንት፣ በስንት ቀን፣ እስከ መቼ የሚለው መጻፍ አለበት። ለጡንቻ ማጠንከሪያ የተለመደው መነሻ በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን፣ በመካከሉ ቢያንስ አንድ ቀን እያረፉ፣ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ከ2 እስከ 3 ዙር መሥራት ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ድግግሞሾች ሊከብዱ ይገባል፤ ካልከበዱ ክብደቱን መጨመር ወይም መቀመጫውን ዝቅ ማድረግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚገኘው ብርታት በአብዛኛው ከነርቩ የሚመጣ ነው፤ ነርቩ ጡንቻውን ማዘዝ ይማራል። ጡንቻው ራሱ ለመወፈር ተጨማሪ ሳምንታት ይፈልጋል። ስለዚህ ታካሚው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞክሩ «አልጠቀመኝም» እንዳይሉ ከመጀመሪያው ቀን መንገር ያስፈልጋል።

ለልምምድ ትልቁ እንቅፋት ሕመም ሳይሆን ሕመም ማለት ጉዳት ነው የሚለው ፍርሃት ነው። በዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የኦስቲዮአርትራይተስ መርሐ ግብር ይህን በቀላል መመሪያ ፈትቶታል። ከ0 እስከ 10 በሚቆጠር ሚዛን እስከ 2 ያለ ሕመም አያሳስብም፤ ከ2 እስከ 5 ያለው የሚታለፍ ነው፤ ከ5 በላይ ሲሆን መቀነስ ይገባል። ከልምምዱ በኋላ የጨመረው ሕመም በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት ከተመለሰ መጠኑ ትክክል ነበር። ካልተመለሰ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀነሳል እንጂ አይቆምም።

ልምምዱ ሲቋረጥ ጥቅሙም ቀስ በቀስ ይጠፋል። ስለዚህ ከቤቱ ልማድ ጋር ማያያዝ ይበጃል። ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው አንድ መላ አለ፤ በልምምዱ ቀን ቡና ሲፈላ ከአቦል በፊት አንድ ዙር፣ ከቶና በፊት ሁለተኛው፣ ከበረካ በፊት ሦስተኛው። በዙሮች መካከል የሚያስፈልገው ዕረፍት በራሱ ይገኛል፤ ቤተሰቡና ጎረቤቱም ይቆጥራል።

ደረጃ፣ ከዘራና ስግደት

በአዲስ አበባ ብዙ ሰዎች የሚኖሩባቸው የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአብዛኛው ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ ለሚኖሩ አረጋዊ «ደረጃ አይውጡ» ማለት «ከቤትዎ አይውጡ» ማለት ነው። ከክልከላው ይልቅ ዘዴውን እናስተምር። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ የሚያመው እግር ይቀድማል፤ እጅ መደገፊያውን አይለቅም። ከዘራ የሚይዙም ከሆነ ከሚያመው እግር በተቃራኒው እጅ መያዝ አለባቸው። ብዙ ሰው በዚያው በሚያመው ጎን ይይዘዋል፤ በተቃራኒው ሲያዝ ግን የዳሌውን ሥራ ስለሚያግዝ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀንሳል።

ስለ ጸሎትም መናገር አለብኝ። ብዙ እናቶችና አባቶች ወደ እኛ የሚመጡት ሕመሙ ስላስቸገራቸው ብቻ አይደለም፤ መስገድ ስላቃታቸው ነው። በዐቢይ ጾምና በስቅለት ዕለት ስግደት የለመደ ሰው ቆሞ ሲመለከት የሚሰማውን ነገር በራጅ አናየውም። ሶላት በወንበር ላይ መስገድ የጀመሩ ሙስሊም አባትም እንዲሁ። ሕመም በበረታ ጊዜ ስግደትን ማቅለል በየሃይማኖቱ ሥርዓት የሚፈቀድ ነውና ውሳኔው የታካሚውና የንስሐ አባታቸው ወይም የሃይማኖት መምህራቸው ነው። የእኛ ድርሻ ጉልበቱን ለዚያ ማዘጋጀት ነው። በበርጩማ ከፍታ መነሣትና መቀመጥ የቻለ፣ ከዚያም ወንበር ይዞ አንድ ጉልበቱን ወደ መሬት ማውረድ የቻለ ሰው ወደ ስግደቱ መንገድ ላይ ነው። ታካሚው ራሳቸው የመረጡት ግብ ከእኛ ትእዛዝ ይልቅ ያተጋቸዋል።

የጥንቃቄ ነጥቦች

ማጠንከሪያ ለሁሉም ጉልበት በሁሉም ጊዜ አይደለም። ጉልበቱ ትኩስና ቀይ ሆኖ ትኩሳት ከተከተለ፣ በድንገት ካበጠ፣ ከወደቁ በኋላ እግር መርገጥ ካቃተ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ፣ ወይም ሌሊት የሚብስ ሕመም ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ ከልምምድ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ባት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና በአስቸኳይ ይታይ። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ትንፋሻቸውን አፍነው አይሥሩ፤ ጮክ ብለው እየቆጠሩ ቢሠሩ ትንፋሹ አይታፈንም።

እግራቸው በጣም ለጎበጠ ታካሚዎችም የምንገባውን ቃል መመጠን አለብን። ጡንቻ ማጠንከር የአጥንትን አቅጣጫ አያቀናም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት በእነዚህ ሰዎች ላይ የሕመሙ መሻሻል አነስተኛ መሆኑን አሳይቷል። የጉልበት መተኪያ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸውም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በዴንማርክ በ100 ታካሚዎች ላይ በታተመ ጥናት ቀዶ ሕክምናው ከእንቅስቃሴና ከሌሎች ድጋፎች ጋር ሲሰጥ ከእነዚሁ ድጋፎች ብቻ የበለጠ ጠቀመ፤ ከባድ ጉዳቶቹም በዙ። በሌላ በኩል ያለ ቀዶ ሕክምና ከታከሙት መካከል በአንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የመረጡት 26 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህ ቀዶ ሕክምና በቀላሉ ለማይገኝበት አገር ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁትም ቢሆኑ ጠንካራ ጡንቻ ይዘው ቢገቡ ይሻላል እንጂ ተኝተው መጠበቅ የለባቸውም።

ለተማሪዎች

በቅርቡ ብቻችሁን ታካሚ የምትቀበሉ ተማሪዎች አላችሁና ሦስት ነገር ላሳስባችሁ።

ኃይሉን ለኩ። የሚያስፈልገው 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወንበርና ሰዓት ብቻ ነው። ታካሚው እጃቸውን አጣምረው በ30 ሰከንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተነሥተው እንደቆሙ ቁጠሩ፤ ቁጥሩን ከራጁ ውጤት ጎን በካርዱ ላይ ጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ ራጁ አይለወጥም፤ ይህ ቁጥር ግን ሊለወጥ ይችላል። ታካሚው የሚለወጥ ነገር እንዳላቸው የሚያዩት በእርሱ ነው።

መጠኑን ጻፉ። ማንበብ ለማይችሉ ታካሚዎች አብሯቸው ለመጣው ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አሳዩት፤ በፊታችሁም አሠሯቸው። በቃል ብቻ የተነገረ ልምምድ ከበሩ ሳይወጣ ይረሳል።

ሦስተኛው ስለ ንግግራችሁ ነው። «አጥንትዎ ተበልቷል» የሚለው አነጋገር ታካሚውን ወደ አልጋ ይሰድዳል። «እማማ፣ ጉልበትዎን የሚሸከመው ጡንቻ ደክሟል፤ እናጠንክረው» ማለት እውነትም ነው፤ ቀጥሎ ምን እንደሚደረግም ያመለክታል። ወጌሻ ያሹትን፣ ጸበል የጠጡትን ታካሚ አታሳፍሩ፤ ያ የሚሰጣቸውን እፎይታ ይዘው ልምምዱን ይጨምሩበት።

ካርቲሌጁን መመለስ የሚችል ሕክምና አንድ ቀን ይገኝ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ነገ ጠዋት ወደ እናንተ የሚመጡት እናት የሚጠብቁት አንድ ወንበር፣ ከረጢት አሸዋ፣ የተጻፈ መጠንና ከሁለት ሳምንት በኋላ «ስንት ጊዜ ተነሡ?» ብሎ የሚጠይቃቸው ባለሙያ ነው። ይህን ደግሞ ዛሬም መስጠት እንችላለን።